በበጋ የተፈተነው በቀቀን

ተረት ተረት፤ «የላም በረት» የሚለኝ ባይኖርም ልቀጥል።

አንዲት አህያ ትንንሽ እንስሳትን በጀርባዋ ወንዝ ታሻግር ነበር። ውሃው መቼ እንደሚታለፍ የሚነግራት ጠቋሚ እንዲገዛ ጨረታ ወጣ። መራጩ አያ ጉማሬ ሆነ፤ እሱ ዋናተኛ ነው፣ አህያ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ጦጣ በቀቀን ይዛ ቀረበች። በቀቀኑ በበጋ፣ ውሃው ቁርጭምጭሚት በማይነካበት ሰሞን፣ «ክፍት ነው፣ እለፉ!» እያለ ተፈተነ። አንድም ቀን አልተሳሳተም።

ጫጩቶቿን ይዛ የምትመላለስ ዶሮ፣ «አያ ጉማሬ፣ ክረምት ሲገባስ ምን ይላል?» ብላ ጠየቀች።

«አንቺ ደግሞ ጤዛም ትፈሪያለሽ!» ብሎ ሳቀባትና ገዛው።

ሐምሌ ላይ ወንዙ ደፍርሶ ሞላ። በቀቀኑ፣ «ክፍት ነው፣ እለፉ!» አለ። ጫጩቶቹ ቀድመው አህያዋ ላይ ወጥተው ነበር።

«እመት አህያ፣ ኧረ ውሃው ሞልቷል!» ብላ ጮኸች ዶሮ።

«አይቻለሁ እህቴ። እሱ እለፉ ካለ ግን መቆም አልተፈቀደልኝም» አለችና ገባች።

ማዶ ብቻዋን ወጣች።

ጉማሬ ከውሃው ብቅ ብሎ ጦጣን፣ «ይሄ ድምፁ ደካማ ነው፤ ከዚህ የባሰ የሚጮህ የለሽም?» አላት።

ዶሮ ክንፎቿን እንደዘረጋች ወንዙ ዳር ቀረች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦው ይቅርብኝ።