እመት ቀበሮና ባለጥለቷ የባሕር ቀንድ አውጣ

አንድ ጊዜ፣ አህያ እንኳ ጥላዋን ስትልስ በዋለችበት የድርቅ ዓመት፣ እመት ቀበሮና አያ ጅቦ ረኀብ ጎትቷቸው ቀይ ባሕር ዳር ወረዱ።

ባሕሩ ሸሽቶ በድንጋዩ መሃል ኩሬ ትቶ ነበር። ኩሬው ውስጥ ቤቷን የማትሸከም አንዲት የባሕር ቀንድ አውጣ ትሳባለች፤ ገላዋ ሰማያዊ፣ ዙሪያዋን ብርቱካናማ ጥለት። አጥንት የላት፣ ጥፍር የላት፣ ቅርፊት የላት።

ቀበሮ ክው አለች። ይህን ያህል ለስላሳ፣ ይህን ያህል የደመቀች ነገር በዚያ ሁሉ ዓሣና ሸርጣን መሃል እንዴት ሳትበላ ቆየች? ቀረብ ብላ ለምን እንደማትሸሽ ጠየቀቻት።

«የበላሁትን መርዝ ጀርባዬ ላይ ነው የማኖረው» አለች ቀንድ አውጣዋ፣ ቀና እንኳ ሳትል። «የጎረሰኝ ያውቀዋል።»

«እግር የላትማ፣ በምን ትሽሽ?» ብሎ ሳቀ አያ ጅቦ፣ ሆድ እንጂ ጭንቅላት ያልተሰጠው።

ቀበሮ ጉድጓዷ ውስጥ ሦስት ቡችሎች ትታለች፤ ባዶ አፏን ብትመለስ ነገን አያዩም። መብሉ ደኅና መሆኑን ማወቅ አለባት፤ ለዚህ ደግሞ ከሷ ምላስ ይልቅ የጅብ ምላስ ቀድሞ ይቅመሰው። አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ታላቃችን እርስዎ ነዎት፣ ጌታ ሳይቀምስ ማን ይቀምሳል እያለች አሞጋገሰችው።

ጅብ በዕድሜው ጌታ ተብሎ አያውቅም፤ ደረቱ ተነፋ። በሻካራ መዳፉ ቀንድ አውጣዋን አነሳት። ቀበሮ አፉን አፉን ስታይ፣ መዳፉ ወደሷ ዞረ።

«ጌታማ መጀመሪያ ያጎርሳል» አለ። «ክፈቺ፣ እመት ቀበሮ።»

«እኔ እኮ ጾም ላይ ነኝ።»

«ጉርሻዬን ልትመልሺ ነው?» ጥርሱ ሁሉ ታየ።

የጅብን ጉርሻ መልሶ ራሱ እራት ያልሆነ የለም። ከፈተች።

ፍም ነው የጎረሰችው። ጉሮሮዋ ተዘጋ፣ ዓይኗ ፈጠጠ። መልሳ ኩሬው ውስጥ ስትተፋት ቀንድ አውጣዋ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ወደ ድንጋዩ ሥር ተሳበች። ቀበሮ እያነባች አሸዋው ላይ ስትንፈራገጥ፣ አያ ጅቦ ጣፍጧት የምታለቅስ መስሎት የቀረ ካለ ብሎ ጭንቅላቱን እስከ ጆሮው ኩሬው ውስጥ ነከረ።

እሷ ያበጠ ምላሷን አንጠልጥላ ጉድጓዷ ደረሰች። ሦስቱ ቡችሎች እንደ ልማዳቸው አፏን ሊልሱ ተሽቀዳደሙ፤ እናታቸውም መርዙ እንዳይደርስባቸው፣ ከተወለዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን አሳየቻቸው። ደንግጠው ባሉበት ደርቀው ቀሩ።

ከዚህ የምንማረው እኛ የፈራነውን መብል አሽሞንሙነን ለባልንጀራ ብናቀርብ፣ የመጀመሪያው ጉርሻ ወደ ራሳችን አፍ እንደሚዞር ነው።