ፋታ የማይሰጠው አያ ሞባይል

ተረት ተረት! ጆሯችን ክፍት!

በአንድ ጥገና ቤት ጠረጴዛ ላይ አያ ሞባይል የሚባል አሮጌ ስልክ ነበረ። ከሌሎች ዕቃዎች ጋር የሚነጋገረው፣ የሰው ዓይን በማያየው ብርሃን ነው። በሆዱ የአንዲት ሙሽራ ፎቶ ይዟል፤ ባትሪው ሳያልቅ ፎቶውን ለሌላ ዕቃ ማስረከብ አለበት። ስለዚህ ግንባሩ ላይ ባለችው ዓይኑ፣ «ማን አለ? ማን አለ? ማን አለ?» እያለ ያለ ፋታ ተጣራ። መልስ ግን አላየም።

«ወይኔ፣ ብቻዬን ቀረሁ!» ብሎ ሊያለቅስ ሲል፣ ነገር የማያልፋት ዝንብ አጠገቡ አረፈች።

«አያ ሞባይል፣ ስትጣራ እኮ የራስህ ብርሃን ዓይንህን ያጥበረብረዋል። የሌላውን ብልጭታ በምን ታየዋለህ? እስቲ አንዴ ጥራና ዝም በል።»

ቅር እያለው አንዴ ጠርቶ ዝም አለ። ወዲያው ከፊት ለፊቱ ላፕቶፕና ፕሪንተር እኩል «አለሁ!» ብለው ብልጭ አሉ። ብርሃናቸው ተደባልቆ ማን ማን እንደሆነ ጠፋው። እየሳቀ ደግሞ ጠራ። አሁን ላፕቶፑ ቀድሞ መለሰ፤ ፕሪንተሩም ተራውን ጠብቆ፣

«አንተ ሰውዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ እኮ አለን እያልንህ ነው!» አለው።

አያ ሞባይልም ፎቶውን ላከለት፤ ሙሽሪት ከፕሪንተሩ አፍ፣ ከነቬሏ እየሳቀች ብቅ አለች።

ተረቴን ጨረስኩ፤ ተራው የናንተ ነው፣ ዝም አልኩ።