ከሊሲ እጅ የተወሰደው እርሳስ

በህንድ አገር አንድ አባት ነበረ። ደህና አባት ነው፤ ከሥራ ሲወጣ መጠጥ ቤት አያመሽም፣ በቀጥታ ወደ ቤቱ ነው የሚገባው። ሊሲ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ አለችው። ያለችው እሷ ብቻ ናት፤ ነፍሱ ናት።

በዚያ ከተማ በየዓመቱ ለልጆች የሚታተም ወፍራም መጽሐፍ አለ። ግማሹ በሥዕል የሚነገር ታሪክ ነው፣ ግማሹ እንቆቅልሽ። መጨረሻው ገጽ ላይ ከሁሉም የሚከብደው እንቆቅልሽ ይገኛል፤ እሱን ፈትቶ የላከ ልጅ ፎቶው ጋዜጣ ላይ ይወጣል።

አባትየው ገዛላት። ሊሲ እንዴት ደስ እንዳላት! ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ ትጽፋለች፣ ታጠፋለች፣ ደግማ ትጽፋለች። ወረቀቱ ከላጲስ ብዛት ሊቀደድ ደረሰ።

አባቷ አጠገቧ ቆሞ ያያል። መልሱ ገብቶታል። መልስ የገባው ሰው ዝም ማለት ይችላል? አላስቻለውም።

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ አሁንም አልጨረስሽም? ነገ እኮ የመላኪያው ቀን ያበቃል!»

«አባባ፣ ትንሽ ቆየኝ። ልደርስበት ነው።»

ሰማችሁ? ትንሽ ቆየኝ አለችው። ልደርስበት ነው አለችው። እሱ ግን እርሳሱን ከእጇ ወሰደ። ፈታው፣ ስሟን ጻፈበት፣ ላከው።

ፎቶዋ ወጣ። በዚያ አገር ልጅ ሲቀናው ለጎረቤት ጣፋጭ ይታደላል፤ አባትየው ሳህኑን ተሸክሞ፣ ሊሲን አስከትሎ ከበር በር ዞረ። «ጎበዝ! ጭንቅላት ማለት ይሄ ነው!» እያሉ ጉንጯን ሳሟት። እሷ ቀና ብላ ማንንም አላየችም። ጣፋጩንም አልቀመሰችም። አባቷ አፍራ ነው ብሎ ሳቀ።

በዓመቱ አዲሱ መጽሐፍ ወጣ። ገዝቶ እየሮጠ መጣ። ሊሲ ተቀበለችው፤ ሳትገልጠው መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«አንተ ሥራው፣ አባባ» አለችው። «ስትጨርስ ስሜን ጻፍበት።»

አልተቆጣችም። አላለቀሰችም። እሱን የገደለው ይሄ ነው። ብታለቅስ ኖሮ ያባብላት ነበር። መጽሐፉን እንደያዘ በቆመበት ቀረ። ልጁ ከእጁ እንደወጣች ያን ጊዜ ገባው።

ምን ዓይነት አባት ነው ትሉኝ ይሆናል። እናንተስ፣ ወላጆች?

ባለፈው በሰንበት ትምህርት ቤት የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ፣ ከኋላ ተቀምጣችሁ በከንፈራችሁ መልስ ስታቀብሉ የነበራችሁት እነማን ናችሁ? አይቻችኋለሁ። ልጁ እያሰበ ነበር እኮ! አላስጨረሳችሁትም። ከዚያ ተጨበጨበለት፣ እናንተም እልል አላችሁ። እልልታው ለማን ነበር?

ለልጆቻችሁ ትጸልያላችሁ፤ ደግ አደረጋችሁ። ግን በእነሱ ፋንታም ትጸልያላችሁ። በእነሱ ፋንታ ታምናላችሁ። ጥያቄ ይዘው ሲመጡ በጥቅስ አፋቸውን ትዘጋላችሁ። ካደጉ በኋላ ደግሞ «ልጄ ቤተ ክርስቲያን ቀረብኝ» ብላችሁ እኔ ዘንድ መጥታችሁ ታለቅሳላችሁ። ምን ልበላችሁ? ምን ሊሠሩ ይምጡ? ምን አስቀራችሁላቸው?

ዛሬ ማታ ማዕድ ላይ ልጃችሁ ይጸልይ። ይንተባተብ። ቃል ይጥፋው። ወጡም ይቀዝቅዝ። እናንተ ዝም በሉ።

ዝም ማለት ትችላላችሁ? እኔ እጠራጠራለሁ።