ጅረቱን የዘለለው ውርንጭላ

«ከእናቱ ጉያ ካልወጣ፣ ልጅም ውርንጭላም አይማርም» ይሉ ነበር አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና።

አንድ አለነ የሚባል ፈረስ ገሪ ይህን የአባቱን ቃል እንደ ጸሎት ይዞ ይኖር ነበር። በአገሩ ወግ፣ ውርንጭላ ልጓም ሊለምድ ሲል እናቲቱ ባዝራ ከጅረቱ ማዶ ጎረቤት ዘንድ ትታሰራለች። እሱም እንደዚያው አደረገ። ልጁን ትሁኔንም ከየኔታ ደጅ አድርሷት ዞር ብሎ ሳያይ ይመለሳል። ራሱ ፊደል አልቆጠረምና፣ አንድ ቀን ዳዊት እንድታነብለት እግዜርን ይለምን ነበር። እሷ ግን ማልቀስ እንጂ «ሀ» ማለት አልሆነላትም።

«አለነ፣ እስከ ሁዳዴ አፏን ካልፈታች ወደ ቤትህ ውሰዳት» አሉት የኔታ።

ውርንጭላውም ያው ነው። ልጓም ሲያይ ይንቀጠቀጣል፤ ጅረቱ ጋ ሲደርስ አራት እግሩን ተክሎ ይቆማል። ቢጎትተው እምቢ፣ ቢገርፈው እምቢ።

አንድ ጠዋት ባዝራዋ ከማዶ አሽካካች። ውርንጭላው ገመዱን ከአለነ እጅ መንጭቆ፣ ያንን እምቢ ያለውን ጅረት በአንድ ዝላይ አለፈውና እናቱ ሆድ ሥር ገባ። አለነ ጭቃው ላይ ዘፍ ብሎ ቀረ።

ሚስቱ የሻረግ ሳቋን መያዝ አቃታት። «እንግዲህ ገሪው ማን ነው? አንተ ነህ ወይስ ባዝራዋ?»

እሱም ሳቀ። ባዝራዋን ወደ ቤት መለሳት። ውርንጭላውም ከጎኗ ቆሞ ልጓሙን አሸተተ፣ አሸተተና ጎረሰው።

በማግስቱ አለነ ከየኔታ ደጅ ወይራ ሥር ተቀመጠ። ትሁኔ ቀና ብላ አየችው፤ አልሄደም። «ሀ» አለች። ደግሞ አየችው፤ እዚያው ነው። «ሁ» አለች። እንዲህ እያሉ ሰነበቱ። አንድ ቀን ግን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትቆጥር ቆየችና፣

«አባዬ፣ አንተ ሥራ የለህም እንዴ? ሂድ በቃ!» አለችው። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

አለነ «ተመስገን» አለ፤ ግን አንገቱን ደፍቶ ከወይራው ሥር ተነሣ። በመንገድ የሚያልፉ አንድ የማያውቃቸው ሽማግሌ ይህን አይተው ኖሮ ቆም አሉና እንዲህ አሉት፦

«ምን ያስከፋሃል፣ ልጄ? ‹ሂድ› ያለችህ እኮ እንዳለህላት ስላመነች ነው። መመለሻውን ያመነ ነው ሩቅ የሚሄደው።»