ሐይቁን የተሻገረችው ጦጣ

ተረት ልንገራችሁ፤ «ንገሪን» በሉኝ።

ጉረኛዋ እመት ጦጣና ቁጡው አያ ዝንጀሮ በየቀኑ በጨርቅ ኳስ አንድ ለአንድ ይጋጠሙ ነበር። ጎላቸው ሁለት ድንጋይ ነው። አንድ ቀን ሽመላ መጣችና፣ «ከሐይቁ ማዶ የዝሆኖች ትልቅ ውድድር አለ። እዚያ የተጫወተ ሁሉ እሸት በቆሎ እስኪጠግብ ይበላል። ከእናንተ የምወስደው ግን አሸናፊውን ብቻ ነው» አለቻቸው።

ተጋጠሙ። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ጦጣ አገባች።

«አልገባም! በድንጋዩ ላይ ነው ያለፈው!» አለ ዝንጀሮ አፈር እየበተነ።

«ጎሉን ተውና የመቀመጫህን መላጣ ሸፍን!» አለች ጦጣ እየጨፈረች።

ሽመላም «ገብቷል» ብላ ፈረደችና ጦጣን በጀርባዋ አዝላ ሐይቁን አሻገረቻት።

ማዶ ሜዳው ሰፊ፣ በቆሎውም ብዙ ነበር። ጦጣ በልታ ጠገበች። በመጀመሪያው ጨዋታ በዝሆኖቹ እግር መካከል ሾልካ ጎል አስቆጠረች። ወዲያው ዞር ብላ የሚናደድ ሰው ፈለገች። ዝሆኖቹ ግን ማን እንዳገባ እንኳ ሳያዩ ኳሱን መሃል አድርገው ቀጠሉ።

ጦጣ ለብቻዋ ትንሽ ጨፈረችና ተወችው።

ተረቴ አለቀ፤ ዝም አትበሉኝ።