የምንታምር ለቅሶ

ምንታምር የምትባል አንዲት ልጅ የውጭ አገር ድራማ በአማርኛ ድምፅ በሚቀዳበት ስቱዲዮ ለልምምድ ገባች። የልምምዱ ደንብ የታወቀ ነው፤ ትሠራለህ፣ አይከፈልህም፣ ታመሰግናለህ።

የደረሳት ሥራ ለቅሶ ነበር። ዋናዋ ተዋናይት ንግግሩን ትጨርስና ማልቀሱ ሲመጣ፣ «ድምፄ ይጎዳብኛል» ብላ ከማይኩ ትነሣለች። ያኔ ምንታምር ትገባለች። ማን አስተማራት? ማንም። አባቷን በልጅነቷ ቀብራለች። የእናቷ ለቅሶ ጆሮዋ ውስጥ ቀርቷል፤ ከዚያ እየቀዳች ታለቅሳለች። ተመልካቹ አብሯት ያለቅሳል።

ልምምዱ ሲያልቅ ሌላ ልምምድ ተባለ። እሱም ሲያልቅ ሌላ። እናቷ የሰው ልብስ እያጠበች የታክሲዋን ትከፍልላታለች።

አንድ ቀን የስቱዲዮውን ባለቤት፣ «ጋሽ ፍሥሐ፣ ከእንግዲህ በነጻ አላለቅስም» አለቻቸው።

ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ለቅሶ ይከፈልበታል እንዴ? ሰፈርሽ ሰው ሲሞት ታስከፍያለሽ?»

«ለጎረቤቴ በነጻ ነው። ጎረቤቴ ግን ለቅሶዬን ለቴሌቪዥን አይሸጥም።»

«ልምድ እያገኘሽ ነው እኮ።»

«ልምዱንማ ከቤቴ ይዤው ነው የመጣሁት።»

በሩን አሳዩዋት። ወጣች።

የሚቀጥለው ክፍል አንዲት እናት ሕፃን ልጇን የምትቀብርበት ነበር። ጋሽ ፍሥሐ ምን አደረጉ? የምንታምርን የቆየ ለቅሶ ከሌላ ድራማ ፈልገው አስለጠፉበት። ያ ለቅሶ ግን የሚስት ለቅሶ ነበር። እናትየው የልጇ ሣጥን ላይ ተደፍታ፣ «ወይኔ ባሌ፣ ወይኔ የቤቴ አባወራ» ስትል አገር ሰማ።

ስቱዲዮው ስልክ በስልክ ሆነ። አንዷ ደዋይ፣ «የሞተው ማነው? እኛም ለማን እንደምናለቅስ ይነገረን» አለች።

በማግስቱ ጋሽ ፍሥሐ እነምንታምር ደጅ ቆሙ። «ነይ፣ ይከፈልሻል።»

«ለእኔ ብቻ ከሆነ አልመጣም። በልምምድ ስም ያስቀመጧቸው ሁሉ ይከፈላቸው።»

እናቷ ከልብሱ ቀና ብላ፣ «ጋሽ ፍሥሐ፣ ትናንት እኮ የሳቅነው ቀብር ላይ ነው» አለቻቸው።

ተስማሙ። ለሁሉም ተከፈለ። ድራማው ሲያልቅ የሁሉም ስም በቴሌቪዥኑ ላይ በየተራ አለፈ፤ እናቷ ጎረቤት ጠርታ አስነበበች።

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምንታምርን ሙት ዓመት ልናስብ ነው የተሰበሰብነው። አምና ስንቀብራት እነዚያ የልምምድ ጓደኞቿ ሁሉ መጥተው ነበር። ድምፃቸው እንጀራቸው የሆነ ሰዎች ናቸው። ድምፃቸው እስኪዘጋ አለቀሱላት። ማን ከፈላቸው? ማንም። ለምን? ፍቅር ሳይጠየቅ ስለሚሰጥ።

ፍቅር ይሰጣል እንጂ አይነጠቅም። ፎቶ ቤት ያላችሁ፣ ማተሚያ ቤት ያላችሁ፣ የሰው ልጅ «ለልምድ» ብላችሁ ያስቀመጣችሁ፣ ሥራውን ትሸጡታላችሁ? ከሸጣችሁት ክፈሉት። እናንተ ልጆችም፣ አምላክ የሰጣችሁን ድምፅ አታርክሱት፤ በር ሲከፈትላችሁም ብቻችሁን አትግቡ።

እሷ ብቻዋን አልገባችም። ስለዚህም ብቻዋን አልተቀበረችም። እናንተም እንዲህ በነጻ የሚለቀስላችሁ ሰዎች ሁኑ።