ባለእርሻው ማጭድ ሲይዝ

አንድ ሰሊጥ ነጋዴ መምሬ ቅጣው ዘንድ ሄዶ፣ «ሰሊጥ የሚሸጥልኝ ሰውዬ ሠራተኞቹ በደህና እንደተያዙ ፈርሞ ሰጥቶኛል። ከዚህ ወዲያ እኔ ምን አለብኝ?» ብሎ ጠየቃቸው። እንዲህ አሉት፦

አንድ ሰው ነበረ። ቆላ ውስጥ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ ያለው ሀብታም ነው። አንድ ቀን ሰሊጡን የሚገዙት ነጋዴዎች የሠራተኞቹን አያያዝ የምታይ ሴት ላኩበት። ሀብታሙ ሠራተኞቹ አፋቸውን ከከፈቱ ጉድ እንደሚፈላ ያውቃል። ስለዚህ የተቀደደ ሸሚዝ ለብሶ፣ ማጭድ ይዞ፣ እንደ ቀን ሠራተኛ መሃላቸው ገባ።

ሴትዮዋ እንደ ደረሰች ማንም ሳይቀድመው ብድግ አለ። «እትዬ፣ እዚህ ገነት ነው! ሥራው ቀላል፣ ምግቡ ጥጋብ፣ ውሃው ንጹሕ። ጌታችንማ አባት ነው!»

እሷም ሁሉንም ጻፈች። ትሄዳለች ብሎ ሲጠብቅ ግን ጃንጥላዋን ዘርግታ ተቀመጠች። «እስቲ ስትሠሩ ልያችሁ» አለች።

ምን ያድርግ? ጎንበስ ብሎ ያጭድ ጀመር። ወገቡ ተንቋቋ፣ መዳፉ ውሃ ቋጠረ። ሠራተኞቹን የሚያሠራው ካቦ ደግሞ ሚስጥሩ እንዳይወጣ፣ «ጌታዬ... ማለቴ፣ አንተ ሰነፍ! እጨድ!» እያለ ይጮህበታል። ሠራተኞቹ ሳቃቸውን መቻል አቃታቸው።

ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ የሀብታሙ ምላስ ከላንቃው ተጣበቀ። «ውሃ!» አለ። አጠገቡ የምታጭድ ሴት አዝናለት ጄሪካን አቀበለችው። አፉ ድረስ አደረሰና ቀጥ አለ። ጄሪካኑ ላይ የራስ ቅል ተሥሏል። የተባይ መርዝ የመጣበት ነው፤ «ባዶውን ከምትጥሉት ውሃ ቅዱበት» ብሎ ያዘዘው ራሱ ነበር።

«ይጠጡ እንጂ አባቴ» አለች እንግዳዋ። «ንጹሕ ነው ብለውኝ አልነበር?»

«ኧረ... ጥሙ ለቀቀኝ» አለ ሀብታሙ።

«እኛ እኮ ዓመቱን ሙሉ የጠጣነው እሱን ነው» አለች አጫጇ። «ሆዳችንን ይቆርጠናል እንጂ ሌላ ምንም አላደረገንም።»

እንግዳዋ የጻፈችውን ሁሉ ሰረዘች። ጀርባዋን ለሀብታሙ ሰጥታ ወደ አጫጇ ዞረች። «በይ፣ አሁን አንቺ ንገሪኝ» አለቻት።

መምሬ ቅጣው ነጋዴውን አዩት። «ልጄ፣ አንተ የያዝከው ፊርማ ያ ሀብታም ብድግ ብሎ እንደተናገረው ነው። ደህና መሆናቸውን መናገር ያለበት ውሃውን የሚጠጣው እንጂ ጌታው አይደለም። ሂድና ሠራተኞቹን ጠይቃቸው።»

ነጋዴውም እንዲህ አለ፦ «መንገዱ ሩቅ ነው፣ አባ። በስልክ ብጠይቃቸውስ?»

«ስልኩን የሚያነሳው ማን ይመስልሃል?» አሉት።